ዜሮ የሆነው አጎቴ

አጎቴ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ያልተበላሸውንም ካልነካካ እንቅልፍ አይወስደውም። ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ካወቀ ዓመታት አልፈዋል። ክኒኑን ስለማያቋርጥ ግን በደም ምርመራ ቫይረሱ አይታይም።

«ታዲያ ከሌለ ለምን እውጣለሁ?» እያለ ባገኘኝ ቁጥር ይነዘንዘኛል።

እኔ ደግሞ የምሠራው ቫይረሱ ሴል ውስጥ ተደብቆ ምን እንደሚያደርግ የሚያጠና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። «ከደጅ ጠፋ እንጂ ከቤት አልወጣም ጋሼ፤ ሴል ውስጥ አድፍጧል» እለዋለሁ። ቫይረሱ ሊባዛ ሲያስብ አር ኤን ኤ የሚባል የትእዛዝ ቅጂ ያወጣል። እኛ ተከታትለን የምንይዘው ያንን ቅጂ ነው።

በመጨረሻ «እንግዲያው የኔንም እዩልኛ!» ብሎ ለጥናቱ ደም ሰጠ። ባልደረባዬ ናሙናውን ባዘጋጀችበት ቀን እሱም ማቀዝቀዣችንን ሊጠግን እዚያው ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ ከኔ ቀድሞ አነበበው። የቫይረሱ አር ኤን ኤ ዜሮ። ጮቤ ረገጠ! ወዲያው ሚስቱ ጋ ደውሎ «ድኛለሁ! ክኒኑን ዛሬውኑ እተወዋለሁ!» አላት። ከወዲያ ስታለቅስ ይሰማኛል።

እኔ ግን ወደ ታች ማንበቤን ቀጠልኩ። ከታች ያለው መስመርም ዜሮ ነበር። እዚያ የምንለካው የሰውየውን የራሱን ሴሎች አር ኤን ኤ ነው፤ በሕይወት ያለ ሴል ደግሞ ሥራ አይፈታም፤ ሁልጊዜ ቅጂ ያወጣል።

«ጋሼ፣ በዚህ ውጤት ከሄድንማ አንተም የለህም።»

«ምን ማለት ነው የለህም? ይኸው ቆሜ!»

«ናሙናው ተበላሽቷል። ዕቃ የነካ ሰው ነበር?»

ደረቱን ነፋ። «እኔ እኮ ነኝ ያተረፍኩላችሁ! ልጅቷ ዞር ስትል የብልቃጧ ክዳን ወደቀች። አንስቼ እፍ እፍ ብዬ፣ ውስጧንም በጣቴ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ገጠምኳት።»

ራሴን ያዝኩ። አር ኤን ኤ ባዶ ጣት አይችልም፤ ቆዳችን ላይ ያለው ነገር ቆራርጦ ይጨርሰዋል። እኛ ያለ ጓንት ዝር የማንለው ለዚህ ነው፤ እሱ ደግሞ በእፍታው ጭምር አጸዳልን!

መሳቅ አማረኝ፤ ግን ፈርቼ ነበር። ክኒኑን ከተወ ቫይረሱ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ያሳደገኝ ደግሞ እሱ ነው።

«ዳግመኛ እስክናይ አታቋርጥም። ማልልኝ።»

እያጉረመረመ ማለ።

በሁለተኛው ዙር ጓንት አስጠልቄ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሲያልቅ፣ ቅጂዎቹ በቀለም እንዲያበሩ አድርገን፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አደረግኩት።

«ይሄ ሁሉ አረንጓዴ ምንድነው?»

«አንተ ነህ። ሥራ ላይ ያሉ ሴሎችህ።»

«ቀይዋስ?»

ብዙ ፈልጌ ያገኘኋት ነጥብ ነበረች። «እሱ ነው።»

ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ነቀለ።

«ለጊዜው ክኒኑ አስሮ ይዞታል» አልኩት። «አዲስ መድኃኒት ቀዩን ጨርሶ ጸጥ ማሰኘቱን የምናውቀው እንዲህ እያየን ነው። ማቆም የሚችል ሰው መኖሩንም ያኔ እንነግራችኋለን። እስከዚያ ሳይቃጠል በቅጠል።»

እንደገና ጎንበስ ብሎ ረጅም ሰዓት አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«አልዳንኩም» አላት ሚስቱን። «ግን አለሁ። በዓይኔ አይቼ መጣሁ። ክኒኔን ከውሃ ጋር አድርገሽ ጠብቂኝ።»