በእኛ ዘር የለም

ሥርጉት ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ በተከራየቻት አንዲት ክፍል የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ትተዳደራለች። ሉፐስ የሚባለው በሽታ ከያዛት ዓመታት አልፈዋል። የሰውነቷ መከላከያ የገዛ ሥጋዋን ጠላት አድርጎ ቆጥሮ እንደሚወጋት ሐኪሙ አስረድቷታል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ እንደ ደረቅ እንጨት ተገትረው መርፌ አልይዝ ይሏታል። ፀሐይ ሲነካት ጉንጮቿ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ፍም ይመስላሉ። የምትውጠው ክኒን ደግሞ ፊቷን ነፍቶታልና የድሮ ጓደኞቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት "ወፈርሽ፣ አማረብሽ!" ይሏታል። "ተመስገን" ብላ በጃንጥላዋ ሥር ታልፋለች።

ያኔ በሽታው ሲታወቅ ሐኪሙ ከቤተሰቧ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው እንዳለ ቢጠይቃት፣ አምባ ጊዮርጊስ ወዳለችው እናቷ ወደ ካሰች ደውላ ነበር። ካሰች ጥያቄውን እንኳ አላስጨረሰቻትም።

"በእኛ ዘር በሽታ የለም። አንቺም ለሰው እንዳታወሪ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በዚህ ዓመት፣ የገብስ አጨዳ በደረሰ ጊዜ፣ ታናሽ እህቷ መሰረት ደወለችላት። መሰረት እዚያው አምባ ጊዮርጊስ ክንዱ የሚባል ገበሬ አግብታ ከአማቾቿ ግቢ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ገብቷል። ስለ ውርጩና ስለ ሥራው ብዛት ስታወራ ቆየችና፣

"እግሬ እኮ ጫማ አልገባ አለው" ብላ ሳቀች። "ፊቴም እንዳንቺ ቀልቷል።"

ሥርጉት መርፌዋን አስቀመጠች። "ጣቶችሽስ? ጠዋት ስትነሺ ይታጠፉልሻል?"

መሰረት መሳቋን አቆመች። "አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ሽንትሽስ አረፋ አለው?"

"ኧረ ሥርጉት፣ ምነው እንዲህ ታስፈሪኛለሽ?"

"ለክትትል ጤና ጣቢያ መቼ ሄድሽ?"

"አጨዳው ይለፍ ብዬ…"

ሥርጉት ከዚያ ወዲያ አልሰማችም። የጀመረችውን ቀሚስ እንደተወጠረ ትታ፣ ክኒኗን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

አምባ ጊዮርጊስ ስትደርስ መሰረትን ከመደቡ ላይ ተጋድማ አገኘቻት። የዓይኗ ቆብ አብጦ ዓይኗን ሊሸፍነው ደርሷል። ሥርጉት ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ብትጫነው እንደ ሊጥ ተሰርጉዶ ቀረ።

"ራስሽን ያምሻል?"

"ከትናንት ጀምሮ አልለቅ ብሎኛል።"

የክንዱ አባት አያ ሙሉሰው ከአውድማው ተጠርተው መጡ። ሥርጉት እህቷን አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት ብትላቸው ረጋ ብለው አዳመጧት።

"እርጉዝ ሴት እግሯ ያብጣል፤ ያለ ነው። ጠዋት ጸበል ልንወስዳት ተነጋግረናል" አሉ።

"ጸበሉንም ትጠመቃለች አያ። መጀመሪያ ግን ሐኪም ይያት።"

"ምነው እንዲህ አስቸኮለሽ?" ዓይናቸው ቀይ ጉንጯ ላይ አረፈ። "ወይስ የምታውቂው ነገር አለ?"

አፏን ስትከፍት ካሰች ከደጅ ገባች። ልጇ መምጣቷን ሰምታ ስትሮጥ ነው የመጣችው። ሰላምታም ሳትሰጥ ሥርጉትን ክንዷን ጨብጣ ከቤቱ ጀርባ ወሰደቻት።

"ምን ልትያቸው ነበር?"

"እውነቱን። የኔው በሽታ ሳይሆን አይቀርም።"

"እህትሽን ልታስፈቻት ነው? ሲጋቡ እኮ ዘር ተቆጥሯል! ንጹሕ ናቸው ተብሎ ነው የወሰዷት።"

"እምዬ፣ መሰረት ልትሞት ትችላለች።"

ካሰች የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። ዓይኗ ከአጥሩ ላይ ቀርቶ፣ "እቴነሽም እንዲሁ ነበር ያበጠችው" አለች።

ሥርጉት እቴነሽ የምትባል አክስት እንደነበረቻትና በወሊድ እንደሞተች ብቻ ነበር የምታውቀው። ከዚያ በላይ ሲነገር ሰምታ አታውቅም።

"እቴነሽ ምን ሆና ነው የሞተችው እምዬ?"

"ሸጋ ነበረች። ባገባች በዓመቷ ፊቷ ቀላ፣ ጣቷ ተቆለመመ፣ ጠጉሯ ረገፈ። ቁምጥና ነው አሉ። ባሏ እንዳረገዘች ወደ ቤታችን መለሳት። አባቴ ከጓሮ ጎጆ ቀለሰላትና ማንም እንዳይጠጋት አለ። ምግቧን የማደርስላት እኔ ነበርሁ፣ ገና ልጅ ሆኜ። እግሯ አብጦ አብጦ፣ በመጨረሻ 'ካስዬ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ' አለችኝ። ከነልጇ ነው የተቀበረችው። አባቴ ከቀብር ሲመለስ 'ከእንግዲህ ስሟን ያነሳ ልጄ አይደለም' አለን።"

ሥርጉት የእናቷን መዳፍ አንሥታ ከገዛ ጉንጯ ላይ አስቀመጠችው።

"ቁምጥና አልነበረም እምዬ። ይህ ነው። እቴነሽ ቁምጥና አልነበረባትም።"

ይህን እንዳለች ከቤት ውስጥ ጩኸት ተሰማ።

"ሥርጉት! ኧረ ሥርጉት! ዓይኔ! አላይም!"

ካሰች ቀድማ ሮጠች። ወደ መሰረት ግን አልሄደችም፤ አያ ሙሉሰው ፊት ሄዳ ቆመች።

"አያ ሙሉሰው፣ ዘር ሲቆጠር ያልነገርንዎ አለ። እቴነሽ የምትባል እህት ነበረችኝ። ቁምጥና ነው ተብላ ከጓሮ ተጥላ፣ ልክ እንዲህ አብጣ፣ ልክ እንዲህ ዓይኗ ጠፍቶ ከነልጇ ሞተች። ሥርጉትንም ያው በሽታ ይዟታል። ይህችንም ይዟታል።"

"ቁምጥና? እኔ ቤት?" አያ ሙሉሰው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ቁምጥና አይደለም። አይጋባም። መድኃኒት አለው፤ እኔ በሱ ነው የምኖረው" አለች ሥርጉት።

"ዘር ነው ያልሽው አንቺው አይደለሽም?" ብለው ወደ ካሰች ዞሩ። "አታለላችሁን!"

"መፍታት ከፈለጋችሁ ፍቷት" አለች ካሰች። "ብቻ በሕይወቷ ፍቷት!"

ክንዱ ገለባው ከጠጉሩ ሳይራገፍ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። አባቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። መንሹን ከግድግዳው አስደግፎ ወደ አስፋልቱ በረረ። አባቱ "ክንዱ! አንተ ክንዱ!" ቢሉት ዞሮ አላየም። ባጃጅ ይዞ ተመለሰና መሰረትን እንደ ሕፃን አቅፎ አስገባት።

ጤና ጣቢያ የተቀበለቻቸው ነርስ የደም ግፊቷን ለካች። እንደገና ለካች። ከዚያ ወጥታ አምቡላንሱን ጠራች።

መንገዱ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጡሩምባ እየነፋ በዳገቱ ጥምዝ ይዞራል። ድንገት የመሰረት ጥርስ ገጠመ፤ ሰውነቷ ተገትሮ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ነርሷ በጎኗ አስተኝታ መርፌ ስትወጋት ሥርጉት የእህቷን ራስ ደግፋ ያዘች። የገዛ ጣቶቿ ሕመም እስከ ትከሻዋ ቢዘልቅም አለቀቀችም።

"እቴነሽ! እቴነሽ!" ትጮኻለች ካሰች ከእግሯ ሥር ተደፍታ።

"መሰረት ናት እምዬ። መሰረት ናት። ትተነፍሳለች።"

ጎንደር ሆስፒታል በር ላይ ሥርጉት ለተቀበላቸው ሐኪም ስለ ራሷም ስለ አክስቷም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ሐኪሙ ሌሎች ሐኪሞችን አስጠራ፤ ደምና ሽንቷ ወዲያው ተመረመረ፤ ወደ ቀዶ ሕክምናም አስገቧት። ክንዱ ከኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ በሩን ብቻ ያያል። ካሰች ቁስቋም ማርያምን እየለመነች ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች።

የተወለደችው ልጅ ስትወጣ ከድመት ግልገል አትበልጥም ነበር፤ ወደ ማሞቂያው ክፍል ይዘዋት ሮጡ። መሰረት ግን ለቀናት አልነቃችም። ስትነቃ ዓይኗ ያይ ነበር። ኩላሊቷ ተጎድቷል፤ እንደ እህቷ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት። ሐኪሙ "ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ…" ብሎ ጀመረና የካሰችን ፊት ሲያይ ተወው።

ከሆስፒታል ሲወጡ ሁሉም የሥርጉት ክፍል ገቡ። ክንዱ በአጨዳውና በማራኪ መካከል ተከፍሎ ይመላለሳል። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ወሬው ተዛምቷል፤ ካሰች ቤቷን ልታይ ስትሄድ፣ የጠጣችበትን ጣሳ አልነካም ያለ ጎረቤትም አልጠፋ። እሷ ግን ለጠየቃት ሁሉ ስለ እቴነሽ ትናገራለች። አንዳንዱ ያዳምጣታል፤ አንዳንዱ ያማትባል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያ ሙሉሰው ቅቤ በቅል ይዘው መጡ። ቆባቸውን አውልቀው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ በመሰረት ደረት ላይ ተለጥፋ ተኝታለች።

"ይችስ? ይህ ነገር ይይዛታል?" አሉ።

"ላይዛት ይችላል" አለች ሥርጉት። "ከያዛት ግን ምን እንደሆነ እናውቃለን። ቶሎ እንደርስላታለን።"

"ክንዱ እኮ እህቶች አሉት። ያልተዳሩ። አሁን ማን ይወስዳቸዋል?"

ካሰች መሬት መሬት አየች። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ልጅቱ ዘረጉ።

"መጀመሪያ ይታጠቡ አያ" አለች ሥርጉት። "ገና አቅም የላትም።"

አያ ሙሉሰው ተነሥተው ወደ ግቢው ቧንቧ ወጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው ድረስ በሳሙና ታጠቡ።