የሙሽራዋ ለቅሶ

ጀሊላ እናቷን ወደ ሙዚየሙ የወሰደቻቸው አየር ቢቀይሩ ብላ ነበር። እማማ ሐድሁም የገዛ ልጃቸውን ስም ከረሱ ቆይተዋል፤ ከበሮ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ይፈካል። የዕለቱ ዝግጅት ደግሞ «የአያቶቻችን ሠርግ» የሚባለው ነው፤ ከዋና ከተማው ከቱኒስ ሳይቀር ሰው ይመጣለታል። ጀሊላ የፈለገችው እናቷ ሰው ፊት ሳይዋረዱ፣ ሳይከፋቸው ውለው እንዲገቡ ብቻ ነው።

ግመሉ ግቢው መሐል ተንበርክኳል፤ ጀርባው ላይ የሙሽራዋ ባለመጋረጃ ጎጆ ተጭኗል። ሙሽራ የሆነችው ተማሪ ገባችበት። እኛ ዘንድ ሙሽራ ሳታለቅስ ከአባቷ ቤት አትወጣም፤ ያላለቀሰች እንደሆነ «ለባል ቸኮለች» ተብላ የመንደር መሳቂያ ናት። ልጅቷም እንደተነገራት ከመጋረጃው ውስጥ እሪ አለች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ግመሉም ተነሳ።

እማማ ሐድሁም ከወንበራቸው መቼ እንደተነሱ ጀሊላ አላየችም። ዞር ስትል የግመሉን ገመድ ጨብጠዋል።

«አውርዷት። የእውነቷን ነው የምታለቅሰው። ነጅማ ገና ልጅ ናት።»

ጀሊላ ክው አለች። ነጅማ የእናቷ ታናሽ እህት ነበረች፤ በተዳረች በዓመቱ በወሊድ ሞተች፤ ቤት ውስጥ ስሟ አይነሳም። ያኔም እንዲህ ስታለቅስ ሰዉ ሁሉ ወጉ ነው ብሎ እልል ብሎላት ኖሯል!

ሮጣ ሄዳ ጨዋታ እኮ ነው ብትላቸው ማን ሰምቷት። እናቴን አሟቸው ነው ብላ ወደ ሰዉ ብትጮህ ጭብጨባው ድምጿን ዋጠው። እናቷ ባለቀሱ ቁጥር እልልታው ይብሳል። የሙዚየሙ ኃላፊ እንኳ እንባውን እየጠረገ እንዲህ ያለ ተዋናይ አይቶ እንደማያውቅ ነገራት። ደግ ሰው ነው፤ ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር፣ ትሰድበው ነበር።

ግመሉ ግቢውን ዞሮ ተመለሰ። ልጅቷ እየሳቀች ወረደች። እማማ ሐድሁም አቅፈው አገላብጠው ሳሟት፤ ፀጉሯን ደባበሱ፤ በቃ መጣሽልኝ አሉ። ጀሊላም እፎይ አለች።

ይሄኔ ሌላ አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ ደረሰ። ኃላፊው እንደገና ይጀመር አለ። ልጅቷ እጇን ቀስ ብላ አላቅቃ ወደ ጎጆው ወጣች፣ ለቅሶዋንም ጀመረች።

ጀሊላ ምን ታድርግ? እናቷ ግመሉ ሥር እንዳይገቡ ከኋላ በሁለት እጇ ጥፍር አድርጋ ያዘቻቸው። አሮጊቷ አንገታቸውን አዙረው አዩዋት። ከስንት ጊዜ በኋላ ያወቋት መሰለ።

«እማ፣» አሏት እናቷን እንደምትለምን ልጅ፣ «ልቀቂኝ። ነጅማን ወሰዷት እኮ።»

ጀሊላ አልለቀቀችም።