አውራ ጣት የምታህል ኪያር

አማቴ አባባ አምባቸው ከደብረ ማርቆስ አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን እኛ ጋ ከመጡ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። የስድስት ዓመት ልጄ ሶፍያ ግን አልለመደቻቸውም። በጠሯት ቁጥር እኔ ኋላ ትደበቃለች። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱም ለእኔ። ሰውዬው የልጅ ልጃቸውን ሊያቅፉ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ ሶፋ ላይ ትራስ አቅፈው ይውላሉ። አንጀቴን ይበሉታል።

የሶፍያ ልብ ያለው ጓሮ ነበር። መምህሯ ክፍል ውስጥ አቅምሳት ዘሩን የሰጠቻት ኪያር አለ፤ ኪያር ከተባለ፣ ፍሬው ከአውራ ጣት ጫፍ አይበልጥም። አጥሩ ሥር ተክላው፣ ሁለት ወር እንደ ክር ቀጥኖ ሲያናድደኝ ከረመ። ልነቅለው ስል አልቅሳ አስተወችኝ። ሙቀቱ ሲበረታ ግን ሽቦውን እየጨበጠ ወጥቶ አጥሩን ሸፈነው፤ ፍሬውም ዥንጉርጉር፣ ቁርጥ ሐብሐብን መስሎ ተንጠለጠለ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳጥፍ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። አባባ የልጄን አፍ በጣታቸው ፈልቅቀው የታኘከ ፍሬ ሲያወጡ ደረስኩ። ሶፍያ እያለቀሰች መጥታ ኋላዬ ተደበቀች፤ እሳቸው ዞረው ሐረጉን ከነሥሩ መነገሉት።

«ምን ነካዎት፣ አባባ?»

«የምድር እምቧይ በልታለች! መርዝ ነው! ልጅ ባለበት ግቢ ይህን ታበቅላላችሁ?»

እውነትም ያንን ይመስላል፤ አገር ቤት ሜዳ ላይ የሚሳበውን፣ ከብት የማይደፍረውን መራራ ፍሬ። አማቴ ባይሆኑ ኖሮ የምመልሰውን አውቅ ነበር። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ «ኪያር ነው፣ ይበላል» አልኳቸው።

አላመኑኝም። «ውጣለች?»

«ትንሽ ሳትውጥ አትቀርም።»

ከሐረጉ አንድ ፍሬ በጥሰው፣ ሳያኝኩ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ታግለው ዋጡት።

«እንግዲህ እሷን የሚያገኛት እኔንም ያግኘኝ» አሉና ሣሩ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል።

ሶፍያ ለቅሶዋን አቆመች። ሁሉንም ሰምታለች። ከኋላዬ ወጣች፣ ከወደቀው ሐረግ አንድ ፍሬ ቀጠፈች፣ በቀሚሷ ጠረገችውና ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች።

«አያቴ፣ አትፍራ» አለች። «ኪያር ነው። ቹው አድርገው።»

በባዶ አፏ አኝካ አሳየቻቸውና አጎረሰቻቸው።

አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አኘኩ። ምሬቱን ሲጠብቁ የተጨማደደው ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

«ሎሚ ሎሚ ይላል» አሉ።

ከሰዓት ሥሩን መልሰው ሲቀብሩ ዋሉ፤ አባባ ይቆፍራሉ፣ ሶፍያ ታዛለች። ይጽደቅ አይጽደቅ እንጃ። ትራሱ ግን ያን ቀን ሶፋው ላይ ብቻውን ዋለ።