አደጋ ያልተመዘገበበት ዓመት

ገብረጻድቅ አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ የሥራ ደህንነት ኃላፊ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢጫ ቆብ ደፍቶ በማሽኖቹ መሀል ሲንጎራደድ ኖሯል። ጥንቃቄው ከፋብሪካው ግቢ አልፎ ገላን ኮንዶሚኒየም ድረስ ስለሚከተለው፣ ሦስተኛ ፎቅ ካለው ቤቱ እስከ መሬት በሚወርደው ደረጃ ላይ በየቦታው ማስጠንቀቂያ ለጥፏል። «ሲወርዱ ብረቱን ይያዙ» ይላል አንደኛው። ብረቱ ከተነቀለ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ባለፈው ግንቦት ፋብሪካው ሠራተኛውን ሰብስቦ ገብረጻድቅን ሸለመው። ምክንያቱ በዓመቱ ውስጥ አንድም የተመዘገበ አደጋ አለመኖሩ ነው። «የተመዘገበ» የምትለዋን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ መዝጋቢው ራሱ ገብረጻድቅ ነውና። ዐይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ የገባበት ሠራተኛ «መነጽሩን አውልቆ ነበር» ተብሎ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ይመራል። እግሩ ላይ ዕቃ የወደቀበት ደግሞ የዓመት ፈቃድ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ሥራ ላይ ሊጎዳ አይችልም። በዚህ ዓይነት መዝገቡ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ነጭ ሆኖ ዓመቱን ጨረሰ።

ሽልማቱ የምስክር ወረቀት፣ የግድግዳ ሰዓትና ለሁለት ሰው የሚሆን የአንድ ቀን ሽርሽር ነበር፤ ዝዋይ ሐይቅ ላይ በጀልባ እስከ ደሴቱ ደርሶ መልስ፣ ምሳን ጨምሮ።

ባለቤቱ አሰለፈች ይህን ስትሰማ ድንች እየላጠች ነበር። እሷም በዚያው ፋብሪካ ክሊኒክ አሥራ አምስት ዓመት በነርስነት ሠርታ፣ ከአራት ዓመት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ የተዛወረች ሴት ናት።

«ዋና ትችላለህ እንዴ?» አለችው።

«ዋና የሚያስፈልገው የደህንነት ሥርዓት ሲጓደል ነው» አላት።

መላጧን ቀጠለች። ሆኖም በሃያ ሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ አብረው ከከተማ የወጡት ለለቅሶ ብቻ ነበርና በልቧ ደስ ሳይላት አልቀረም። በማግስቱ አዲስ ሸራ ጫማ ገዛች።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረሱ። ገብረጻድቅ የፋብሪካው አርማ ደረቱ ላይ የተጠለፈበትን ሸሚዝ ለብሷል። አውቶቡሱን ዞሮ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና የእሳት ማጥፊያው መቼ እንደተሞላ ረዳቱን ጠየቀው።

«ፋዘር፣ ይገባሉ ወይስ ሌላ ሰው ልጫን?» አለው ረዳቱ።

አሰለፈች ክንዱን ይዛ አስገባችው።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ከፍ ብላለች። አሳ በሚጸዳበት ቦታ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው እንደ እድር ዳኞች ተኮልኩለዋል። ሰማያዊ ቀለም የተቀባችው የሞተር ጀልባ አሥራ አንድ ሰው አሳፍራለች፤ አብዛኞቹ ደሴቱ ላይ ያለውን ገዳም ሊሳለሙ የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። ነጂው ሮቤራ የሚባል፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። ግራ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ በቀኙ ተሳፋሪውን እየደገፈ ያስገባል። ገብረጻድቅን ሲያይ ለአፍታ ቆም አለና «እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ» አለው።

ገብረጻድቅ ሰላምታውን አልሰማም። ላይፍ ጃኬቶቹን እየቆጠረ ነበር። አንዱ ዘለበቱ የላላ ነው፣ ሁለቱ ፊሽካ የላቸውም፣ የአንደኛው ቀለም ደግሞ ከደረጃው በታች ደብዝዟል። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ እስኪጽፍ ጀልባዋ አርባ ደቂቃ ቆመች።

«ልጄ፣ ፀሐዩ ሳይከር እንሂድ» አሉት አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት። «ማርያም ትጠብቀናለች።»

«እማማ፣ ማርያም ዘለበት አታጠብቅም» አላቸው፤ እሳቸውም አማትበው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ሮቤራ ዘለበቱን በገመድ አሰረና ሞተሩን አስነሳ።

ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። አሰለፈች ጎንበስ ብላ ጣቶቿን ውኃው ውስጥ ነከረች።

«እጅሽን አስገቢ» አላት ባሏ።

አስገባች። ትንሽ ቆይታ መልሳ አወጣችው። እሱም ከአጠገቡ ለተቀመጡት ምእመናን ስለ ፋብሪካው ማውራት ጀመረ። ጥንቃቄ ባህል ነው አለ፤ አደጋ የሚመጣው ከማሽን ሳይሆን ከሠራተኛው ግድየለሽነት ነው አለ፤ እሱ ባለበት ቦታ አደጋ የሚባል ነገር ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታሪክ ሆኗል አለ። ሮቤራ ከኋላ ሆኖ ይሰማል። ሞተሩ ይጮኽ ነበር፤ ገብረጻድቅ ግን ከሞተሩ በላይ ጮኸ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደሴቱ ቀረበ፤ ድንጋያማው ዳርቻ፣ ግራሮቹ፣ ወደ ገዳሙ የሚወጣው ቀጭን መንገድ ታየ። በዚህ ጊዜ ገብረጻድቅ ለፋብሪካው የቴሌግራም ግሩፕ ቪዲዮ መላክ እንዳለበት ትዝ አለው። ተነስቶ ቆመ። ላይፍ ጃኬቱ የሸሚዙን አርማ ስለሸፈነበት አወለቀውና አሰለፈች ጭን ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ጀልባዋን እስካስር ይቀመጡ» አለው ሮቤራ።

«አንድ ደቂቃ» አለና ስልኩን ወደ ፊቱ ዘረጋ። «ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምትመለከቱት ጥንቃቄ ካለ…»

ጀልባዋ ድንጋዩን ነካች። ያን ያህል ከባድ ንክኪ አልነበረም፤ የተቀመጡት ሁሉ ትንሽ ወዝወዝ ከማለት ያለፈ አልደረሰባቸውም። የቆመው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር የወደቀውም እሱ ብቻ ነው።

ሮቤራ ከነልብሱ ዘሎ ገባና የሸሚዙን ኮሌታ ያዘው። ገብረጻድቅ ዐይኑን ጨፍኖ በሁለት እጁ ውኃውን ይደበድባል።

«ይቁሙ፣ ጋሼ» አለው ሮቤራ። «መሬት አለ። ይቁሙ።»

ቆመ። ውኃው እምብርቱ ላይ ደረሰ። ከሴቶቹ አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዝዟል፣ ቅልጥሙ በድንጋይ ተጭሯል፣ ስልኩ ሰጥሟል። ዳር ላይ አስቀመጡትና አሰለፈች ተንበርክካ ቁስሉን ማየት ጀመረች። ሮቤራ ከጀልባዋ የመድኃኒት ሳጥን ውስጥ ፋሻ አውጥቶ አቀበላት። ያቀበላት በግራ እጁ ነበር። እጁ ላይ አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ቀርተዋል፤ በመሀል ያለው ቦታ በጠባሳ ተጠፍጥፎ ተዘግቷል።

አሰለፈች ፋሻውን ሳትቀበል እጁን አየች። ቀጥሎ ፊቱን አየች።

«ፕሬስ ክፍል» አለች ቀስ ብላ፤ ፋብሪካው ውስጥ ብረት በማሽን የሚጠፈጠፍበትን ክፍል ማለቷ ነው።

«አዎ፣ ሲስተር» አለ።

ገብረጻድቅ ይህን አልተከታተለም። እሱ የያዘው ሌላ ጉዳይ ነበር። «መዝገብ አለህ?» አለው ነጂውን። «ይህ አደጋ መመዝገብ አለበት። ጻፍ። ጀልባዋ የእጅ መያዣ ስለሌላት፣ ነጂውም በቂ ማስጠንቀቂያ ስላልሰጠ…»

ሮቤራ ከሳጥኑ ውስጥ አንድ የራሰ ደብተር አወጣና የተባለውን ቃል በቃል ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ከደነና «እኔን ማሽኑ ሲቆርጠኝ መዝገብ አልተከፈተልኝም ነበር፣ ጋሼ» አለ።

«የት?»

«አቃቂ፣ እርስዎ ጋ። ሰባት ዓመት ሆኖታል።»

ገብረጻድቅ የነጂውን እጅ እንደ ተበላሸ ዕቃ አገላብጦ አየው። «አንተ የትኛው ነህ?» አለ። «የፕሬሱ ነህ የመቁረጫው? ጣቱን ያጣ ሰው እኮ ብዙ ነው። ሁሉንም በመልክ እንዴት ላስታውስ እችላለሁ?»

ምን እንደተናገረ የገባው ቆይቶ ነው፤ ገብቶትም እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ወዲያው ስለ ስልኩ መጠየቅ ጀምሯልና። አሰለፈች ፋሻውን አስራ ጨረሰች። ሁልጊዜ ከምታስረው ትንሽ ጠበቅ አድርጋዋለች።

«እኔ ወደ ላይ ልወጣ ነው» አለችው።

«ብቻዬን ትተሽኝ?»

«ጥላው ጥሩ ነው።»

ሮቤራ እስከ መንገዱ መጀመሪያ ሸኛት። ሴቶቹ ቀድመው ሄደዋል። አሰለፈች ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆመች።

«የክሊኒክ ካርድህ ላይ ከሥራ ሰዓት ውጪ የደረሰ ጉዳት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ሲስተር። ቁስሉን ያሰሩልኝም እርስዎ ነዎት።»

«ጀልባው ላይ ሲያወራ ለምን ዝም አልክ?»

«አሥራ አንድ ሰው ጭኜ? ሐይቅ ላይ ጠብ አይነሳም። የካሳውን ገንዘብ ከተውኩት ቆየሁ። ቢሮው ሁሉ ጊዜው አልፏል ይለኛል። የሚያቃጥለኝ እናቴ ናት። ያን ካርድ የጎረቤት ልጅ አነበበላት። ከሥራ ውጪ የሚለውን ስትሰማ ሰክሬ፣ ተደባድቤ ያጣሁት መስሏት እስከ ዛሬ ትረግመኛለች። ያልሆነ ነው ስላት ወረቀቱን ታሳየኛለች።»

አሰለፈች ገዳሙ ድረስ ወጣች። ከዚያ ላይ ሐይቁ በሙሉ ይታያል፣ ሌሎቹ ደሴቶችም እንደዚሁ፤ ሴቶቹ እየተጠራሩ ፎቶ ይነሳሉ። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አዲሱን ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸች። ያን ቀን በካርዱ ላይ ምን እንድትጽፍ ያዘዛት ባሏ እንደነበር ታስታውሳለች። «አንድ መስመር ናት» ነበር ያላት። በዚያ ሰሞን የባሏ የእድገት ደብዳቤ ሊወጣ ነበር፤ እሷም ለሳሎኑ ሶፋ መርጣ ነበር።

ስትወርድ ገብረጻድቅ የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ ቀርቦለት አጥንቱን ከሥጋው እየለየ ጉሮሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ለአሳላፊው ያስረዳ ነበር። ሲመለሱ ሁለት ላይፍ ጃኬት ደራርቦ ለበሰ። አንዱ ፊሽካ ነበረው።

ሰኞ ዕለት ፋብሪካው የሥራ ላይ አደጋ ማመልከቻ ደረሰው። አመልካቹ ገብረጻድቅ ነው። ክርክሩም እንዲህ ነበር፦ ሽርሽሩ በፋብሪካው የተሰጠ ሽልማት ነው፣ የፋብሪካውን አርማ ለብሷል፣ በወደቀበት ደቂቃ ለሠራተኞች ትምህርት እየሰጠ ነበር። ይህን ቅጽ እየሞሉ ያመጡለትን ሰዎች በየትኛው ነጥብ ላይ ይጥላቸው እንደነበር ስለሚያውቅ፣ እሱ የሞላው አንድም ቀዳዳ አልነበረበትም።

«የጤና ባለሙያ ምስክር ይጠይቃል» አላት ማታ ላይ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ። «እዚህ ጋ ፈርሚ።»

አሰለፈች ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ተቀመጥ መባልህንና ጃኬትህን ማውለቅህን አልጻፍክም።»

«እሱ ዝርዝር ነው።»

«አልፈርምም።»

«ሚስቴ አይደለሽም እንዴ?»

«እስከ ዛሬ የፈረምኩት ሚስትህ ስለሆንኩ ነው።»

ገብረጻድቅ በማግስቱ ከሒሳብ ክፍል አንድ ምስክር አገኘ። ምስክሩ ዝዋይን አይቶ አያውቅም፤ ግን ሁሉንም በዐይኔ አየሁ ብሎ ፈረመ። ማመልከቻው ጸደቀለት። የፋብሪካው መዝገብ ከአንድ ዓመት በላይ ባዶ ከከረመ በኋላ የመጀመሪያው አደጋ ገባበት፤ እሱም ከፋብሪካው መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ የደረሰ ነው። ጎረቤቱ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ሲጠይቀው ገብረጻድቅ ታሪኩን ይተርካል። ረቡዕ ላይ ውኃው አንገቱ ድረስ ነበር። ዓርብ ላይ ጉማሬ ጨመረበት።

ቅዳሜ ጠዋት አሰለፈች ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች።

«የት ነው?» አላት።

«ዝዋይ።»

«ምን ልትሠሪ? ስልኩን አግኝተውት ነው?»

«አይደለም። ወረቀት ላደርስ ነው» አለችና በሩን ዘጋች።

የሮቤራ እናት እማማ አደሴ ደሴቱ ላይ፣ ከውኃው ብዙ በማይርቅ ቤት ይኖራሉ። ልጃቸው እንግዳ ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ መረብ እየጠገኑ ነበር። አሰለፈች ቆማ ራሷ የጻፈችውን አዲስ ወረቀት አነበበችላቸው፤ ማሽኑ ጣቶቹን የቆረጠበትን ቀን፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ፣ በሥራ ላይ ሳለ መሆኑን፣ የማሽኑ መከላከያ ለሳምንት ያህል ተነቅሎ እንደነበር፣ ሮቤራ ወደ ክሊኒኩ ሲመጣ ምንም መጠጥ እንዳልቀመሰ። ስሟንና ፊርማዋንም አነበበች።

እማማ አደሴ እንደገና እንድታነብላቸው ጠየቁ። አነበበች። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሰባት ዓመት ስረግምህ ምነው እንዲህ ብለህ አልነገርከኝ?»

«ነግሬሻለሁ፣ እማ። ወረቀት አልነበረኝማ።»

አሮጊቷ መረቡን ከጭናቸው አንስተው መሬት ላይ አስቀመጡትና አሰለፈችን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

«አንቺስ ማን ነሽ?»

«የፊተኛውን ወረቀት የጻፍኩት ነኝ» አለች አሰለፈች።

ከሐይቁ በኩል የአንድ ጀልባ ሞተር ተሰማ፤ ቅዳሜ ስለሆነ ሌላ ተሳፋሪ እየመጣ ነው። ሮቤራ ጀልባዋን ሊያስር ወደ ዳር ወረደ። አሮጊቷም ወደ ቤቱ ገብተው አንድ በርጩማ ይዘው ወጡ፤ ከራሳቸው ራቅ አድርገው ፀሐዩ ላይ አስቀመጡላት።

«ተቀመጪ» አሏት። «ቀኑን ሙሉ አለሽ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»