የአማቴ እናት መቃብር

ቹሶክን፣ የኮሪያን የመኸር በዓል፣ የማውቀው በወገቤ ነው። በዓሉ ሳይደርስ ጀምሮ መጥበሻ ፊት እተከላለሁ፤ ዓሳው፣ ዱባው፣ እንጉዳዩ፣ ሁሉም እንቁላል ውስጥ ተነክሮ ይጠበሳል። ወንዶቹ ተጋድመው ቴሌቪዥን ያያሉ። ሶልጎል መንደር ከገባሁ አስራ አራት ዓመቴ ነው። ለመንደሩ ልጆች እንግሊዝኛ ስለማስተምር ሰዉ «የውጭ አገሯ መምህርት» ይለኛል። በቹሶክ ሰሞን ግን መምህርትነቴን የሚያስታውስ የለም። ከፊሊፒንስ የመጣሁ ምራት ነኝ፤ ምራት ደግሞ ትጠብሳለች።

ያን ዓመት ግን ብዙም አልተነጫነጭኩም። አማቴ፣ አባባ ማንሱ፣ ታመው ነበር። ሐኪሙ ሳንባቸውን አይቶ ቁርጡን ለባሌ ለዱሆ ነግሮታል። ዱሆ ሊደብቃቸው ቢሞክርም ፊቱ ምስጢር አይቋጥርም። እሳቸውም ገብቷቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። «እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እናታቸው በወሊድ ስትሞት ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ። መልኳን እንኳ አያስታውሱትም። ስለዚህ በዚያው ዓመት ኮረብታው ላይ ከመቃብሯ ጎን ያለውን መሬት በገዛ እጃቸው ደልድለው፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረው፣ ቦታቸውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል።

የበዓሉ ጠዋት ቤት ውስጥ ለሞቱት አያቶች ሰግደን ስናበቃ ሦስታችን ወደ ኮረብታው ወጣን። አባባ ትንሽ እየሄዱ ይቆማሉ፣ ያስላሉ።

«ልዘልዎት እንዴ አባባ?» አለ ዱሆ።

«ስሞት ትሸከመኛለህ። አሁን ያንን የሳር ማጨጃ ሞተር ተሸከም!»

መቃብሩ ስም የተጻፈበት ድንጋይ የለውም። ሳር የለበሰ ጉብታ ብቻ ነው። አባባ በወጣትነታቸው ከተማ ፋብሪካ ገብተው ብዙ ዘመን ቆይተው ሲመለሱ መንገዱ ተቀይሮ፣ የማያውቁት ዛፍ በቅሎ ጠበቃቸው። በትዝታ ፈልገው ነው ያገኟት። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ሳያጭዱላት ቀርተው አያውቁም።

ዱሆ አጨደ። እኔ ፍራፍሬውንና የሩዝ ኬኩን ደረደርኩ፤ አባባ ሶጁ የሚባለውን የሩዝ አረቄ ቀዱ። ግንባራችን ሳሩን እስኪነካ ድረስ ሰገድን። ከዚያ አባባ ጉብታውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «እማዬ፣ ልመጣልሽ ነው። ቦታዬን ጠብቂልኝ» ሲሉ አለቀስኩ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

ዞር ስንል አንዲት አሮጊት ከዘራዋን ተደግፋ ቆማለች። ከኋላዋ ጎልማሳ ልጇ የፍራፍሬ ካርቶን ተሸክሞ ያለከልካል።

«በዓል አይደል? እናቴን እየጎበኘሁ ነው» አሉ አባባ።

አሮጊቷ ጉብታውን አየች፣ እሳቸውን አየች። «ባሌን ነው እማዬ የምትለው?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ጃጅታለች ብዬ ነው። አባባም እንደዚያው ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ድምፃቸውን አለዝበው፣ «መንገድ ተሳስተሽ ነው እንጂ እኔ ስንት ዘመን ያጨድኩት መቃብር ነው» አሏት።

«እርስዎ ነዎት እንዴ የሚያጭዱት!» አለ ልጇ። ካርቶኑን መሬት አስቀመጠው። «እኛ የመንገዱን ጭንቅንቅ ፈርተን ሁልጊዜ በዓሉ ሲያልፍ ነው ከቡሳን ከተማ የምንመጣው፤ ዘንድሮ እናቴ በዕለቱ ካልሄድኩ ብላ ነው። በመጣን ቁጥር ታጭዶ እናገኘዋለን። የአጎቴ ልጅ መስሎኝ በየዓመቱ ስጦታ እልክለታለሁ እኮ!»

«እሱስ? አፉን ዘግቶ ይቀበላል» አለች አሮጊቷ። «ሌባ!»

ከእኛ የሳቀ የለም።

«ባልሽ ለመሆኑ በምን አወቅሽ?» አሉ አባባ።

«በዚህ እጄ ነው አፈር ያለበስኩት! ሲቆፈር እዚሁ ቆሜ ነበር። ያ ደግሞ የኔ ቦታ ነው፣ ከባሌ ጎን» ብላ በከዘራዋ የተደለደለውን መሬት አሳየች። «ማነው ድንጋይ የደረደረበት?»

«እኔ» አሉ አባባ።

ደም ከፊታቸው ሲሸሽ አየሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰገድኩለት፣ ሆድ በባሰኝ ቁጥር በልቤ ስንቱን ያጫወትኩት የማላውቀው የሰው ባል ኖሯል! ዱሆ ማጨጃውን እንዳቀፈ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ታዲያ እናቴ የት ናት?» አሉ አባባ። ገበያ መሀል እንደጠፋ ሕፃን ነው የጠየቁት።

የአሮጊቷ ቁጣ ወዲያው በረደ። ወደ ቁልቁለቱ አየች። «ቆፋሪዎቹ ያኔ፣ ከታች ከነልጇ በወሊድ የሞተች ወጣት ሴት አለች፣ እንዳትነኳት ቀስ በሉ ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ሰው ሲመጣላት አይተን አናውቅም። ስለምታሳዝነን የተረፈንን መጠጥ እሷ ላይ እናፈስላታለን።»

ከእግራችን ሥር፣ እሾህና ቁጥቋጦ ውጦት፣ ጉብታ ለመባል እንኳ የማይበቃ ነገር ነበር። አባባ ወረዱና እሾሁን በባዶ እጃቸው ይነቅሉ ጀመር። ዱሆ ማጨጃውን ሊያስነሳ ሲል፣ «ተው! ታስደነግጣታለህ!» ብለው ጮኹበት። የአሮጊቷ ልጅም ሳይጠሩት መጥቶ ከእኛ ጋር ነቀለ። ጉብታው ሲገለጥ የአባባ መዳፍ ደም በደም ሆኖ ነበር።

ሶጁ ቀድቼ ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም፤ አልሰገዱምም።

«ያናግሯት እንጂ አባባ» አልኩ።

«ራስጌዋ ቆሜ ሌላውን ሰው እማዬ ስል ስትሰማኝ ነው የኖረችው። በምን አፌ ላናግራት?»

ዱሆ ፊቱን አዞረ።

«አንቺ ንገሪልኝ» አሉኝ። «መምህርት አይደለሽ? ልጆቹን ስማቸውን መናገር ታስተምሪ የለ?»

ተንበረከክኩ። የሞተችው በእኔ ዕድሜ ሳትደርስ ነው፤ ቢሆንም እማማ አልኳት። «እማማ፣ ይሄ ማንሱ ነው። ልጅዎ ነው። መንገዱ ጠፍቶበት ነው እንጂ ሲፈልግዎት ነው የኖረው።»

ዞር ስል አባባ ከጀርባዬ ተደብቀው ቀሚሴን ጨብጠዋል። አሮጊቷ ከላይ ሆና፣ «አጠገቧ ቦታ አለ። ለአንድ ሰው ይበቃል» አለች።

አባባ ቀሚሴን አልለቀቁም። «መምህርት» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ትቀበለኛለች?»

እጃቸውን ከቀሚሴ አላቅቄ አፈሩ ላይ አኖርኩት።