የግማሽ ብርጭቆ ፊት

የክሬን ኦፕሬተሩ የመሰላሉን ሦስተኛ እርከን ሲረግጥ ፎርማኑ ከታች እግሩን ያዘው።

"ውረድ። ፊትህን በመስታወት አይተኸዋል?"

ማየት አላስፈለገውም፤ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ይነድደዋል። ግንበኞቹ "ቲማቲም" ያሉት በከንቱ አይደለም። መሐንዲሱ ሴት ልጁ ተመርቃለት ምሳ ላይ ለሁሉም ቢራ ሲያስቀዳ፣ እሱም ደስታውን ላለማሳነስ ቀምሶ ነበር።

"ስንት ጠጣህ?"

"ግማሽ።"

"የበርሜል ግማሽ?" አለ ፎርማኑ። ግንበኞቹ ሳቁ።

አባቱም በዚሁ ፊት የተነሳ ሰካራም እንደተባለ ነው የሞተው፤ በዓመት ሁለቴ ቀምሶ። ባለፈው ወር የግቢው ነርስ ነገሩን አስረድተውት ነበር። ሰውነት አልኮልን መጀመሪያ ወደ መርዝ ይለውጠዋል፤ ቀጥሎ መርዙን ያከሽፈዋል። በዘር የሚወርድ ድክመት ያለበት ሰው ግን ሁለተኛው ሥራ ይንቀረፈፍበታል። መርዙ ይጠራቀማል፣ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ፊቱ ይቀላል። የቀላ ሁሉ ብዙ ጠጥቷል ማለት አይደለም፤ ያልቀላም ጾሙን ውሏል ማለት አይደለም።

ፎርማኑ ይህን የሚሰማበት ጊዜ አልነበረውም። አርማታው ተቦክቷል፤ አርማታ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ተለዋጩን ኦፕሬተር ጠራ። "ድንጋዩ" ነው የሚሉት፤ አራት ጠርሙስ ሲጨልጥ ቲማቲም አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ግን እንደታጠበ ሰሃን ንጹሕ ነው።

"ውሃ የጠጣ ሰው ፊት እንዲህ ነው" አለ ፎርማኑ። "እሱ ይውጣ።"

ቲማቲም ቀና አለ። ላይ፣ የአርማታው ባልዲ በሚያልፍበት ሥር፣ አሥራ አንድ ሰዎች ቆመዋል። የክሬኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጨበጠው።

"እኔ አልወጣም፤ ልክ ነህ። እሱም ግን አይወጣም። አራት ጠርሙስ ነው የጠጣው።"

"ቅናት ነው እንዴ ወንድሜ?" አለ ድንጋዩ እየሳቀ።

ፎርማኑ አልሳቀም። አርማታው ከደረቀ ነገ እዚህ ግቢ እንዳያየው አስጠነቀቀው።

"አባርረኝ። ላይ ያሉት ሰዎች ግን በእግራቸው ይውረዱ።"

ስድቡን ከኋላው እየሰማ ነርሷ ወዳሉበት የግቢው ክሊኒክ ሄደ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ነርሷ መዝገባቸውን ገለጡ።

"እንጀራህን እንደምታጣ አውቀሃል፣ ልጄ?"

"አውቄያለሁ።"

"ዛሬ ክሬን ላይ እንዳይወጣ ብዬ የማንን ስም ልጻፍ?"

"የሁለታችንንም፣ ሲስተር። የኔን ከላይ ያድርጉት።"