የእሜቴ መኝታ

የእንስሳት ማቆያው ሥራ አስኪያጅ ሲደውልላት ጠባቂዋ የዝሆኗን የኋላ እግር ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ አሳርፋ የተሰነጠቀ ጥፍሯን በሞረድ እያስተካከለች ነበር። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ፣ "ይህን እግር ጨርሼ እመጣለሁ" አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ዝሆኗም እግሯን ሳትነጥቅ ጠበቀቻት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከአንድ የከሰረ ሰርከስ ስትመጣ ሰው አታስጠጋም ነበር፤ ደስ ካላላት ንቅንቅ ስለማትል ሠራተኛው ሁሉ "እሜቴ" እያለ ጠራት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ጠባቂዋ እጇን ታጥባ ወደ ስብሰባው ክፍል ስትገባ የአዲሱ የዝሆን ግቢ ሞዴል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወጣቱ አርክቴክት እየዞረ አስረዳ። በመስታወት የሚታይ መዋኛ ገንዳ አለ፤ ሰው ሠራሽ ዐለት አለ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ የአሸዋ ቀለም ይቀባል። ከጀርባ ያለው ተዳፋት ላይ ለሠርግና ለስብሰባ የሚከራይ አዳራሽ ይቆማል። እውነትም ያምር ነበር፤ እሷም ማማሩን አልካደችም።

"እሜቴ የምትተኛው የት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ማደሪያዋ ይኸውና" አለ አርክቴክቱ በእስክሪብቶው እየጠቆመ።

"ማደሪያዋንማ አየሁት። መኝታዋን ነው የጠየቅሁህ።"

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ዝሆን ቆሞ እንደሚያንቀላፋ ነገራት። ቀጥሎም አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ጠባቂዎች ዕቅዱን አይተው እንደተስማሙበት የሚገልጽ ነበር፤ ፊርማዋ ብቻ ነው የቀረው። የአስተዳደር ቦርዱ ዐርብ ዕለት ያጸድቀዋል። እሷ ግን ሳላነብ አልፈርምም ብላ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ስትወጣም አርክቴክቱን አስከትላ ወደ ዝሆኗ ቤት ወሰደችው።

"ግድግዳውን በእጅህ ዳስሰው" አለችው።

ዳሰሰው። ሲሚንቶው እጅ የሚቧጭር ሻካራ ነው። ከራሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ግን አንድ በር የሚያህል ቦታ እንደ ሳህን ልሟል።

"ይህን ምን አለሰለሰው?"

"እሷ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ትደገፈዋለች። ዝሆን ቆሞ ያንቀላፋል፤ እንቅልፍ የሚጠግበው ግን ተኝቶ ነው። የእሜቴን እግር ወለሉ ጨርሶታል። ከተኛች እንደማትነሣ ስለምታውቅ አትተኛም። አሸዋ ቢሆንላት ግን ትተኛለች።"

ወጣቱ የለሰለሰውን ቦታ እንደገና ዳሰሰው። ከዚያ ምን ያህል አሸዋ እንደሚያስፈልግ ጠየቃት። እሷም ጥልቅ አሸዋ፣ በአንድ በኩል ደግሞ ከሱ ቁመት የሚበልጥ ክምር መሆን አለበት፤ ክምሩን ተደግፋ ከተኛች ስትነሣ አይከብዳትም አለችው። ልኩን አሰላና ራሱን ነቀነቀ። ያን ያህል አሸዋ የሚይዘው ተዳፋቱ ብቻ ነው፤ አዳራሹ መቅረት አለበት።

"እትዬ፣ ይህን እኔ ባነሣ ሥራውን ይቀሙኛል" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"አንተ አታንሣው ልጄ። ልኩን ብቻ ጻፍልኝ።"

ጻፈላት።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ነገር አይወድም። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት እንኳ እንዳልቀራት አስታወሳትና፣ "ፈርመሽ ብትገላገዪስ?" አላት ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል።

"እኔማ ጡረታ ስወጣ አልጋዬ ላይ ነው የምተኛው" አለችው።

ወረቀቱንም ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው። እሱም ስትጽፍ እንዲታያት መብራቱን ከስፌት መኪናው ወደ እሷ አዞረው።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። የፊርማው ቦታ ላይ "አልተስማማሁም" ብላ ጽፋ፣ ምክንያቱን ከነልኩ ከሥሩ ዘርዝራለች። ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋወጠ።

"በእርስዎ ቦታ የሚፈርም ሌላ ጠባቂ አላጣም" አለ። "እርስዎን ግን ትኬት ቤት እመድብዎታለሁ። ለዕድሜዎም ዕረፍት ይሆናል።"

"ይመድቡኝ። እዚያ መስኮት ላይ በቀን ስንት ሰው እንደሚቆም ግን አስበውበታል? እሜቴ ለምን እንደማትተኛ ለሁሉም እነግራለሁ።"

 ሰውየው ድምፁን አለዝቦ፣ ወረቀቱን እሱ ዘንድ እንድትተወው፣ ለቦርዱ ራሱ እንደሚያቀርበው ነገራት። ይህን እያለ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳብ አደረገ። መሳቢያው በወረቀት ታጭቋል። ጠባቂዋ እጇን ሰድዳ ወረቀቷን ከፊቱ አነሣችና በኮሪደሩ ቀጥ ብላ ወደ መዝገብ ቤት ሄደች።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን አነበበች፤ መልሳም አነበበችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እትዬ፣ አንዴ የመዝገብ ቁጥር ከወጣለት መልሶ ማንሣት አይቻልም" አለቻት። "ግልባጩስ ለማን ይሁን?"

ጠባቂዋ እስከዚያች ሰዓት ያሰበችው የቦርዱን ሰብሳቢ ብቻ ነበር።

"ለቦርዱ አባላት በሙሉ፣ በየስማቸው" አለች። "ለሥራ አስኪያጁም አንድ አድርሺለት። በይ፣ ማኅተሙን ምቺበት።"